የአባዬ ሃምሳ ሳንቲም

ጥቅምት 12፣ ማክሰኞ፣ ጠዋት

ዛሬም ሣጥኑን ከፍቼ አገላበጥኩ። አዲስ ነገር የለም። የክቧ ሃያ አምስት ሳንቲም ቦታ አሁንም ባዶ። ማስታወሻዬ ሆይ፣ አንተ ስለማትስቅብኝ ልንገርህ፦ ጠርዟ እንደ አበባ ቅጠል የተከረከመችው ሃያ አምስት ሞልታኛለች። ክቧን ግን፣ መጠኗ የሃምሳ ስለሆነ፣ የድሮ አጭበርባሪዎች ብር እየቀቡ "ሃምሳ ናት" ስላሏት፣ መንግሥት ጠርዟን ከረከማት። ሳትከረከም የተረፈችው ጥቂት ናት። ዕድሜዬን ሙሉ ፈለግኳት። ባል እንኳ እንዲህ አልፈለግኩም፤ እሱ ራሱ ነው የመጣው።

ከሰዓት ስብሰባ አለን። የሳንቲም ሰብሳቢዎች ክበብ፦ ሊቀመንበር እኔ፣ ምክትል የልጅ ልጄ ሜላት፣ አሥር ዓመቷ። ሌላ አባል የለም። ምልዓተ ጉባኤ ተጓድሎ አያውቅም። ሜላት የራሷን ስብስብ በወተት ዱቄት ቆርቆሮ ይዛ ትመጣለች፤ የክፍሏ ልጆች ሳንቲም የሚባል ነገር ያወቁት በዚያ ቆርቆሮ ነው።

ጥቅምት 14፣ ሐሙስ

ታላቅ ወንድሜ መጣ። (ቀለም ለመቆጠብ ከዛሬ ጀምሮ ታ.ወ.።) ሆቴሉ ላይ የጨመረው ፎቅ የፊታችን ሳምንት እሁድ ይመረቃል። የአባዬን ሃምሳ ሳንቲም ስጪኝ አለ። በመስታወት ከትቶ እንግዳ መቀበያው ላይ ሊሰቅላት። ከሥሯ ጽሑፍ፣ በወርቅ ቀለም፦ "ሁሉም ነገር በዚህች ተጀመረ"።

ታሪኩን ታውቀዋለህ። አባዬ ገና ጎረምሳ ሆኖ ዲላ ገባ፤ የቡና ጆንያ መኪና ላይ ጭኖ ያገኛት የመጀመሪያ ደመወዙ ናት። አላወጣትም። እስኪሞት ድረስ በጨርቅ ቋጥሮ አኖራት። እኛ በዚህ ታሪክ አደግን፤ ታ.ወ. ደግሞ ፎቅ ሠራበት።

እንቢ አልኩ። የስብስቤ አውራ ናት። ተቆጣ። "ለማን ታሳዪያታለሽ? ለአይጥ?" አለኝ። አይጥ ቢያንስ ጽሑፍ አትለጥፍባትም አልኩት።

ሲወጣ ደጃፉ ላይ ቆመ። ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ አባዬ ሆቴሉን ሳያይ ሞተ፣ እንግዲህ በእሱ ፋንታ ሳንቲሟ ትግባ አለ። ክፉ ሰው። ሁልጊዜ በጨዋነት ነው የሚያሸንፈኝ። እሺ አልኩ።

ጥቅምት 16፣ ቅዳሜ፣ ከሰዓት

ወይኔ። ወይኔ ፀሐይ።

ሜላት አጥባታለች። የክበባችን ሕግ አንድ፦ ሳንቲም አይታጠብም። ግድግዳ ላይ የለጠፈችውም ራሷ ናት፣ በቀይ እስክሪብቶ። ምነው ልጄ ብላት፣ "እማማ፣ እሱ እኮ ሳንቲም አይደለም፣ አባባ ነው" አለችኝ። ለምርቃት ደግሞ ሰው ይታጠባል ብላ። 

ሎሚ፣ አመድ፣ የድስት ሽቦ። ብሩ ተልጦ ወረደ። ከሥሩ ቀይ። መዳብ! ሃምሳ ሳንቲም ብር ነው፤ መዳብ የምትሆነው ሃያ አምስቷ ናት። ክብ። ጠርዟ ያልተከረከመ።

ዕድሜ ልኬን የፈለግኳት ገዛ ሣጥኔ ውስጥ ነበረች፣ ብር ተቀብታ። እልል ማለት ነበረብኝ። ሜላት ታለቅሳለች፤ እኔ አጠገቧ ቁጭ ብያለሁ።

ጥቅምት 17፣ እሁድ

ከቤ/ክ መልስ። ምልክቱ ሁሉ ነበር። ከአንበሳው ሥር ያለው ዋጋ ተፍቋል፤ ዕድሜ ነው አልኩ። ጠርዟ ቀላ ይላል፤ ዕድሜ ነው አልኩ። የሌላ ሰው ሳንቲም ሲመጣልኝ ድንጋይ ላይ ጥዬ ድምፁን እሰማለሁ፤ ብር ይዘምራል፣ መዳብ ያጉረመርማል። የአባዬን ግን አንድ ቀን አልጣልኳትም። አባት ድንጋይ ላይ አይጣል።

አንድ ክፉ ሐሳብ መጣብኝ። ጎረምሳ፣ ደሃ፣ ቅብ ሳንቲም በጨርቅ የቋጠረ። ለምን ደበቃት? ተታሎ ነው ወይስ… አንተ ዘንድ ይቅር።

ለታ.ወ. ደወልኩ።  አንጥረኛ አውቃለሁ፣ ብር ይቀባልናል፣ ማንም አያውቅም አለ። ማስታወሻዬ ሆይ፣ ቤተሰባችን በኢንዱስትሪ ዘርፍ ሊሰማራ ነው።

ጥቅምት 18፣ ሰኞ

ሐጂ ኑሪ ዘንድ ሄድኩ። ጨርቃ ጨርቅ ነጋዴ ናቸው፤ አባታቸው በተከሉት ባንኮኒ ላይ እስከዛሬ ይሸጣሉ። አባዬን በወጣትነቱ ያዩት፣ በዲላ የቀሩት እሳቸው ብቻ። መንገዱ ከፍስሐ ገነት ቡና ባመጡ መኪኖች ተዘግቷል። ባለባጃጁ በሳንቲም ስከፍለው ለማኝ ያደረግኩት መሰለው።

ሐጂ ሳንቲሟን አይተው ሳቁ። "ይቺ ልጅ አልሞተችም?" አሉና ባንኮኒው ላይ ጣሏት። ዷ። አባቴም እንዲሁ ነበር የጣላት፣ እዚችው ላይ፣ አሉ።

አባዬ የሸሚዝ ጨርቅ ሊገዛ በመጀመሪያ ደመወዙ መጥቶ ነበር። አባታቸው ድምፁን ሰምተው፣ ቅብ ናት፣ ተታለሃል አሉት። አዘኑለትና መከሩት፦ ገበያው ሊበተን ሲል ለአንዷ ሻጭ ስጣት፣ በድንግዝግዝ ማን ያያል፣ ሁሉም የሚያደርገው ነው።

አባዬ፣ "እሷስ ለማን ትሰጣታለች?" አለ። ሸሚዙን ሳይገዛ ወጣ።

ሐጂ ያኔ ልጅ ነበሩ፤ መሳቃቸው ትዝ ይላቸዋል። "ሞኝ መስሎን ነበር ፀሐይዬ" አሉ። ከዚያ ጨርቅ መለካት ጀመሩ። የሚገዛ ሰው ሱቁ ውስጥ አልነበረም።

ስመለስ በእግሬ። አባዬ "የመጀመሪያ ደመወዜ ናት" ብቻ ነበር ያለን። አልዋሸም። የቀረውን እኛ ቀባነው።

ጥቅምት 22፣ ዓርብ

ታ.ወ. መጣ፣ ነገርኩት። መጀመሪያ የጠየቀኝ፣ ሐጂ ለሌላ ሰው አውርተዋል ወይ። ቀጥሎ፣ "ያን ቀን ምን በልቶ አደረ?" አለ። አላውቅም። ያቀረብኩለትን ምሳ አልነካም።

ሲነሳ ግን ነጋዴነቱ ተመለሰ። የባንክ ሰዎች ተጠርተዋል፤ በሐሰተኛ ሳንቲም ተጀመርን የሚል ሆቴል ማን ያምናል አለ። እውነቱን ነው፣ ልክደው አልችልም። ሐሰቱን ሜላት ፈግፍጋ ጨርሳዋለች አልኩት።  አንጥረኛው ቅዳሜ ይጠብቃል ብሎኝ ሄደ።

ሜላት አስቸኳይ ስብሰባ ጠራች። አጀንዳ፦ ሳንቲሟ የት ትቀመጥ። ባዶውን ቦታ አየሁት። ማስታወሻዬ ሆይ፣ እጄ ሄዶ ነበር። ልክክ ትላለች እኮ። መልሼ አወጣኋት። ይህቺ በሣጥን ብዙ ኖረች።

ጥቅምት 24፣ እሁድ፣ ጠዋት

ተወሰነ። ትናንት አንጥረኛው ጠብቆ ጠብቆ ቀረ፤ አልላክኋትም። ባዶው ቦታ ባዶ ይሁን፣ ሌላ ክብ ሃያ አምስት እፈልጋለሁ። ይህቺ ሆቴል ትገባለች፣ ቀይ እንደሆነች። ጽሑፉን ግን እኔ ጽፌዋለሁ፣ በሜላት ቀይ እስክሪብቶ፦ "እዚህ ቆመች"። ከአባዬ እጅ ወደ ሌላ እጅ አላለፈችማ። ታ.ወ. ካልሰቀለው ራሴ እሰቅለዋለሁ፤ ወንበር ላይ መውጣት አላቃተኝም።

መኪናው ደጅ መጥቷል። ጥሩምባውን ያስጮኻል። ሜላት ነጭ ቀሚሷን ለብሳ፣ ታጥባ ተዘጋጅታለች። መስታወቱ ውስጥ ከመግባቷ በፊት እንግዳ መቀበያው ባንኮኒ ላይ እጥላታለሁ። እንግዳው ሁሉ ይስማ፣ የባንኩም ሰዎች። ዷ ስትል ታ.ወ. ፊቱን ካዞረ፣ ደግሜ እጥላታለሁ።