ሊጥ የማይቦካበት ውሃ

ለተወደዱት ወንድም ጋሼ፣ መሪጌታ ወልደ ሰንበት፤ ሞጣ።

ጤናዎ እንዴት ከርሟል? ዓይንዎስ፣ ወገብዎስ? የቅኔ ተማሪዎችዎ ጩኸትስ እንዴት ይዞዎታል? እኔ እህትዎ ሰገነት ከምላሴ በቀር የሚያመኝ የለም፤ ምላሴም የሚያመው ሌላውን ነው።

እናታችንን ግን ተቅማጡ አልለቀቃትም። ምክንያቱን ልንገርዎና እርስዎ ይሳቁበት፤ እኔስ ሰልችቶኛል።

ኅዳር ላይ ለመንደራችን ጉድጓድ ተቆፍሮ የእጅ ፓምፕ ተተከለልን። ውሃው ብረት ብረት ይላል። አባ ሣህለ ማርያም እንደ ወጉ ባረኩት። እናታችን ጉልበቷን ታጠበችበትና በማግስቱ ያለ ከዘራ ቤተ ክርስቲያን ሳመች። አለቀ! ፓምፑ ጠበል ሆኖ ታጠረ። ጫማ አውልቆ፣ እህል ሳይቀምሱ፣ ጠዋት አንድ ጣሳ ብቻ። ልብስ ማጠብ፣ ከብት ማጠጣት፣ ሊጥ ማቡካት ድፍረት ነው ተባለ። ያፈላነው የጎመን ችግኝ እንኳ ክርስትና ስላልተነሳ ደርቆ ቀረ።

ስለዚህ እናታችን ጠዋት አንድ ጣሳ ንጹሕ ውሃ ጠጥታ ትድናለች፤ ቀኑን ሙሉ የወንዝ ውሃ ጠጥታ ትታመማለች። የጤና ሠራተኛዋ ባንቺዓለም ከፓምፑ ብቻ ይጠጡ ብትላት፣ እህል ከቀመስሁ በኋላ? ኩነኔ ልታስገቢኝ ነው? ብላ አባረረቻት። ከወረዳ የመጣውም ሰውዬ ከአጥሩ ውጭ ቆሞ፣ መቶ ሰማንያ አባወራ ተጠቃሚ ብሎ ጽፎ ሄደ። በራዲዮ ደግሞ የዓለም ታላላቆች ለሰው ሁሉ እህልና ውሃ እንዴት እንደሚዳረስ ይመክራሉ። እኛ ጋ መጥተው ይዩ፤ ውሃው ደርሶናል፣ ያልደረስንበት እኛ ነን።

አሁን ኃጢአቴን ልናዘዝ። የጥር ማርያም ማኅበር ተራው የእኔ ነበር። በዓሉ ሳምንት ሲቀረው፣ ሰው ሁሉ ቅዳሴ ላይ ሳለ አራት ጀሪካን ከፓምፑ ቀዳሁና ጠላውንም ጠመቅሁበት፣ ሊጡንም አቦካሁበት። አባ ሦስተኛውን ዋንጫ ጨልጠው፣ ሰገነት፣ የዛሬው ጠላሽ ምን ቢገባበት ነው? አሉኝ። ያው ውሃ ነው አባቴ አልሁ። ማኅበርተኛው ሁሉ በጠገበ ሆዱ ጠበል ጠጥቶ በሰላም ቤቱ ገባ፤ የተቀሠፈ የለም። የተረፈውን ውሃ ለእናታችን ሳልነግራት አምስት ቀን አጠጣኋት፤ ሆዷ ጸጥ አለ። ጀሪካኑ ሲያልቅ አገረሸባት። መቀነቷ አሁን ሦስት ዙር ይዞራታል።

ለየካቲት ኪዳነ ምሕረት፣ ሕዝቡ በተሰበሰበበት ልናገረው ቆርጫለሁ። ብቻዬን ስናገረው ድፍረት ይባላል፤ እርስዎ አጠገቤ ቆመው ቢናገሩት ትምህርት ይሆናል። እናታችንም የምትሰማው የእርስዎን ቃል ነው። መኪና ቢጠፋ በበቅሎ ይምጡ።

እትዬ ወይንእሸትን እጅ ነስታለች ይበሉልኝ። የኔሰውንና ሰርካለምን ጉንጫቸውን ይሳሙልኝ። እናታችን፣ ልጄን ሰላም በዪልኝ፣ ጠበሉንም ላኪለት ስላለችኝ በጠርሙስ ልኬልዎታለሁ። ከምሳ በኋላ ይጠጡት።

ቢቸና ዙሪያ፣ የካቲት 3 ቀን 2008 ዓ.ም.