ከማሸጊያ ጠረጴዛው እግር ሥር

ለአክስቴ ልጅ፣ ለባለ ሻማው፦

ፕላስተር ስፈልግ ማሸጊያ ጠረጴዛህ ለምን መወዛወዝ እንደተወ ገባኝ። ከአጭር እግሩ ሥር የወሸቅካቸው ሦስት ፖስታዎች ከግብር ቢሮ የመጡ ናቸው። አንዱንም አልከፈትክም። የኢንተርኔት ሱቅህ የተመዘገበው በእኔ ስም ስለሆነ የተጻፉትም ለእኔ ነው።

አሥራ አንድ ወር ሙሉ ከእያንዳንዱ ሻማ ላይ የሽያጭ ታክስ ሰብስበህ አንድም ወር ለግብር ቢሮ አላስታወቅክም። «ትርፍ መስሎኝ ነው» እንዳትለኝ! ደረሰኙ ላይ «ታክስ» ብለህ የጻፍከው በገዛ እጅህ ነው። ገዢው ለመንግሥት ብሎ በሰጠህ ገንዘብ ሰም ገዛህበት። ይህ ንግድ አይደለም፤ አደራ መብላት ነው።

ዛሬ ካልቀረብኩ የባንክ ሒሳቤ ይታገዳል። የሁሉንም ወር የሽያጭ ዝርዝር አትመህ ከአሥር ሰዓት በፊት ቢሮው በር ላይ አምጣልኝ። ገዢ የመለሰውን ሻማ ለይተህ ጻፍ።

አክስቴ ደውለው «የልጄ ሥራ እንዴት ነው?» አሉኝ። «ደህና ነው» አልኳቸው።
ለአንተ ብዬ አይደለም።

አዎ፣ «ትንሽ ሻጭን ማን ዞር ብሎ ያየዋል?» ብዬ እራት ላይ የደሰኮርኩልህ፣ ጋዜጣ ላይ ባለኝ ዓምድም የጻፍኩት እኔ ነኝ። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም። ይህን ለቢሮው ሰዎች ራሴ እነግራቸዋለሁ።
አንተ ዝርዝሩን ብቻ አምጣ።

ጠረጴዛህ እንዳይወዛወዝ በፖስታዎቹ ቦታ ያንን ጋዜጣ አጥፌ ወሽቄበታለሁ። ቢያንስ ለዚህ ይጠቅማል።