ዘንባባው በነበረበት አካባቢ ስለቆመው ምስልዎ

ለክቡር ራጃማኒክም፣ የማናልቱራይ ከተማ አስተዳዳሪ

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሞ ጤናዎ እንዴት ሰነበተ? እኛ፣ ባሕር ያልወሰደን፣ ደህና ነን። ይህን ደብዳቤ አገር እንዲሰማው አድርጌ ስጽፍልዎ ምስጋናዬ ሦስት፣ ልመናዬ አንድ ነው።

፩. በባሕሩ አፋፍ የነበረውን ጎባጣ ዘንባባ አስቆርጠው «እንኳን በደህና መጡ» የሚል ሰሌዳ ፈገግ ካለው ምስልዎ ጋር ስላቆሙልን እናመሰግናለን። ዘንባባው ጥላ እንኳ አልነበረውም። ከባሕር የሚመለስ ሁሉ እሱን ከቤተ ክርስቲያኑ ግንብ ጋር ያሰልፍና፣ ሁለቱ አንድ መስመር ሲሆኑለት በቋጥኞቹ መካከል ባለችው ጠባብ በር ይገባ ነበር፤ ሥራው ይኸው ነበር።

፪. ሰሌዳው ከአውቶቡስ ለሚወርድ እንግዳ ደምቆ እንዲታይ ከጉቶው ፈቀቅ ብሎ መተከሉ አስተዋይነትዎን ያሳያል። ጭጋግ ሲወርድ ግን ከባሕር ፊትዎ አይለይም፤ የሚታየው አንድ ጥቁር ቋሚ ነገር ነው። ዓሣ እንዲራባ በየዓመቱ የሚታወጀው የዓሣ ማጥመድ ክልከላ ሊጀምር ሲል ወንድሜ ሲሉቫይ ዓይኑ የለመደውን ፈለገ፤ አገኘሁ ብሎ ሰሌዳዎን ከግንቡ ጋር አሰለፈ፤ ቀጥታ ቋጥኙ ላይ ወጣ። የጀልባው ስብርባሪ መጥቶልናል፤ እሱ አልመጣም። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይኸው ነው።

፫. አቤት ልል በመጣሁ ጊዜ ጸሐፊዎ ስላሳዩኝ ትዕግሥት አመሰግናለሁ። «እማማ፣ ዘንባባ ለባሕር ምን ይሠራለታል? ዓሣ አጥማጅ ሁሉ መንገድ የሚያሳይ ስልክ ይዞ የለም እንዴ?» አሉኝ። አብሮኝ የነበረው ባለቤቴ ሰሀያም፣ «ጌታዬ፣ ማዕበል ሲመታን ባንድ እጄ መሪ እይዛለሁ፣ ባንዱ ከጀልባው ውሃ እጨልፋለሁ፤ ስልኩን በጥርሴ ልያዘው?» ቢላቸው፣ ከት ብለው ስቀው ሻይ አዘዙልን። ሻዩ ጥሩ ነበር።

እንግዲህ ክልከላው ሰኞ ያበቃል። ጀልባው ሁሉ ይወጣል፤ ወደ ማታም ይመለሳል፤ በዚህ ወር ደግሞ ጭጋጉ ጀንበርን ቀድሞ ይገባል። ሽማግሌዎች ልጆቻቸውን «ሰሌዳውን አትዩት» እያሉ ይመክራሉ፤ ዓይን ግን የለመደውን አይተውም። ፈርቻለሁ፣ ክቡር ሆይ። ከሰኞ በፊት ሰሌዳው ይነሣልን፤ በጉቶውም ላይ አንድ ግንድ ይቁምልን።

ለዕድሜዎና ለሥልጣንዎ መርዘም ከባሕሩ ዳር እየጸለየች እጅ የምትነሣ፣ ታዛዥዎ
ፊሎሚናል፣ የሰሀያም ባለቤት፣ የሲሉቫይ እኅት

ድኅረ ጽሑፍ፦ ክልከላው ሲነሣ መጀመሪያ በምትወጣው ጀልባ ግንባር ላይ አንድ ክቡር እንግዳ ማስቀመጥ ልማዳችን ነው፤ ዘንድሮ መንደሩ በአንድ ድምፅ እርስዎን መርጧል። መሪውን የሚይዘው ባለቤቴ ነው። ሲመለስ በምን ምልክት እንደሚገባ ብጠይቀው፣ «ክቡርነታቸው ፊቴ ተቀምጠው እኔ ምን ቤት ነኝ? በምስላቸው እገባለሁ» ብሎኛል።