የመጨረሻዋ የቃጫ ቦርሳ ሠሪ

ልጄ ፍሬሕይወት፣

ዳምቦያ ገበያ ጠፍቼ አልነበረም። ወንድምሽ ኤርሚያስ ደውሎ «እማዬ መንገድ ጠፍቷት ስትፈለግ ዋለች» እንዳለሽ ሰምቻለሁ፤ ሐሰት ነው። የሄድኩት ያንቺን ጥናት ልሠራ ነው። እመቤታችን በሰው አገር ከብርድና ከክፉ ሰው ትጠብቅሽ። እኔ ደህና ነኝ፤ ጉልበቴ ብቻ ዳገት እምቢ ብሏል።

የላክሽልኝን የፊልም ፕሮጀክት እቅድ ጁነዲን ሱቅ አሳትሜ ደጋግሜ አነበብኩት። ጥናቱ ገና ሳይጀመር ግቡ ተጽፏል፦ «የመጨረሻዋን የቃጫ ቦርሳ ሠሪ፣ እናቴን፣ ማሳየት።» እኛ በሚሲዮን ትምህርት ቤት ሒሳቡን ሳይሠራ መልሱን የጻፈ ይገረፍ ነበር። ዛሬ ተፈቅዶ እንደሆነ እንጃ። ላጣራ ብዬ ዳምቦያ ገበያ ብሄድ፣ ፀሐይ የምትባል ወጣት ከእንሰት ቃጫ ቦርሳ ስትሠራ አገኘኋት። እቅድሽን ሳነብላት በሳቅ ፈረሰች። «እማማ፣ እኔ አልሞትኩም ብለው ይጻፉላት!» አለችኝ።

ደስ ይበለኝ ይክፋኝ አላወቅሁም። የመጨረሻዋ መባል ለካ ክብር መስሎኝ ነበር። ደግሞ ልጅቷ የቦርሳውን አፍ የምትጨርሰው እንደኔ በቃጫ ሳይሆን በናይለን ክር ነው። ታዲያ የቃጫ ቦርሳ ሠሪ ልበላት ወይስ አልበላት? ትምህርትሽ ምን ይላል?

እግዚአብሔር እጅሽን ይባርክ፤ አስተማሪሽም ፊት ሞገስ ይስጥሽ። እባክሽ፣ እቅዱን ሳታስረክቢ ጥቂት ታገሺኝ። ነገ መጀመሪያ አስቀድሳለሁ። ከዚያ ለራሴ ያስቀመጥኩትን ቃጫ ይዤ ዳምቦያ እመለሳለሁ። ከፀሐይ ጎን ተቀምጬ የአፉን አጨራረስ አሳያታለሁ። ከያዘችው፣ «እናቴን» የሚለውን ከዚያ የግብ መስመር ላይ ትሰርዢዋለሽ።

እናትሽ