የክርስትና ስም የሌላት

ረቡዕ
ሰላም ከአዲስ አበባ ለለቅሶ መጣች። የአክስቴ ልጅ ናት፤ ሞርሞን የሚሉት የፈረንጅ ሃይማኖት ከገባች ወዲህ ዘመድ ሸሽቷታል። እኔ ግን ደስ አለኝ። ልጄ ከሞተች ጀምሮ «እግዜር ሌላ ይስጥሽ» ያላለኝ ሰው እሷ ብቻ ናት።

ሐሙስ
ወተቴ አልደረቀም። ጡቴን በጨርቅ አስሬዋለሁ፣ ያመኛል።

ሰላምን ጠየቅኋት፤ እናንተ ዘንድ ሳይጠመቅ የሞተ ሕፃን የት ይሄዳል? «ወደመጣበት» አለችኝ። የልጄ ነፍስ እኔ ማኅፀን ውስጥ አልጀመረችም አለች። ከመወለዷ በፊት የሰማይ አባቷ ዘንድ ነበረች፤ ወዳ ነው የመጣች። ሁላችንም እዚያ ነበርን፤ ስንወለድ መጋረጃ ስለሚጋረድብን አናስታውሰውም። ሕፃን ደግሞ ጥምቀት አያስፈልገውም።

አለቀስኩ። ከዚያ ተናደድኩ። ለዚህች ለሁለት ወር ዕድሜ ብላ ነው የወረደች? ያንን ከረሳች እኛንስ ላለመርሳቷ ምን ዋስ አለ? «እሱን አላስተማሩኝም» አለችኝ። ውሸት አትችልም፤ እሱን እወድላታለሁ።

ዓርብ
አማቴ ሰሙ። «ይችን መናፍቅ ከቤቴ አውጭልኝ!» አሉ። አፌ አመለጠኝ፦ «ስታስል ቄስ ይጠራ ብል ‹ጉንፋን ነው፣ ሰማንያ ቀኗ ይድረስ› ያሉኝ ማን ነበሩ?» የታመመ ሕፃን ቀኑ ሳይደርስ እንደሚጠመቅ እሳቸውም ያውቃሉ። ቄሱ ሲደርሱ አልፋ ነበር። ስላልተጠመቀች ፍትሐት የለም። ባሌ ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ውጭ፣ ባሕር ዛፎቹ ሥር ቀበራት። እኔ አራስ ነሽ ተብዬ ቀረሁ።

አማቴ ጓሮ ገብተው ሲያለቅሱ ሰማሁ። ደስ ይለኛል ብዬ ነበር፤ አላለኝም።

ቅዳሜ
ሰላም በጧት ሚኒባስ ሄደች። «እንደገና ታገኛታለሽ» አለችኝ።

ከሰዓት የነፍስ አባቴ አባ ሲራክ መጡ። ሁሉንም ነገርኳቸው። «ነፍስ ከሥጋዋ ጋር ትፈጠራለች እንጅ ቀድማ የት ኖራ? ይህን ከልብሽ አውጭው፣ ልጄ» አሉ። ታዲያ አሁን የት ናት? አልኳቸው። መቋሚያቸውን ይዘው ተነሡ። «ለፈጣሪዋ እንተወው።»

እሺ፣ በጸሎት ያስቧት ብዬ ለመንኳቸው።

«በምን ስም?» አሉ።

እውነት ነው። የክርስትና ስም የሚወጣው ሲጠመቁ ነው። እኛ ሚሚ ብቻ ነበር የምንላት።

እሑድ
ዛሬ ሰማንያ ቀኗ ነበር። ክርስትናዋ። ለእኔም ከአራስነት ወጥቼ ቤተ ክርስቲያን የምገባበት ቀን። ነጠላዬን ለብሼ ሄድኩ። ከውስጥ የሌላ ሰው ልጅ እየተጠመቀ ሲያለቅስ ተሰማኝ። አልገባሁም።

ባሕር ዛፎቹ ዘንድ ሄድኩ። ባሌ ጅብ ፈርቶ ድንጋይ ከምሮባታል። ብርዱ አጥንት ይገባል። ምን ብዬ እንደምጠራት ጨነቀኝ። ሰላም ያለችው እውነት ከሆነ ድሮም የምትጠራበት ስም ነበራት ማለት ነው፤ እኔ አላውቀውም። አባ ያሉት ከሆነ ምንም የላትም።

ከቅዳሴ በኋላ አባ ሲራክ አጥሩን ዞረው መጡ። መስቀላቸውን አላወጡም፣ አልጸለዩም። «ወለተ ማርያም ልላት ነበር ያሰብኩት» አሉኝና ተመለሱ።

ወለተ ማርያም፣ አልኳት። ደግሜ አልኳት። ትስማኝ አትስማኝ አላውቅም።