ከመንገድ ዳር ቦይ ስለተለካው የጣሪያዬ አንቴና

ሴፕቴምበር 19 ቀን 1977

ለኮልተን ወረዳ የግንባታ ቁጥጥር ጽሕፈት ቤት
ለክቡር አቶ ሃርላን ስቴፕ፣ የጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ
ኮልተን፣ ዌስት ቨርጂኒያ

ጉዳዩ፦ የሬዲዮ አንቴናዬን በአሥር ቀን ውስጥ እንዳወርድ የተሰጠው ትእዛዝ እንዲሻርልኝ ስለመጠየቅ

ክቡር ሆይ፣

1. ሴፕቴምበር 12 የተጻፈው ትእዛዛችሁ ደርሶኛል። የተላከው «ለአቶ እርጥብ ጠመኔ» በሚል ነው። ይህ በመነጋገሪያ ሬዲዮ የምጠራበት ቅጽል ነው፤ የፊዚክስ መምህር ስለሆንኩ ያወጡልኝ ሲሆን፣ በዚህ ሬዲዮ ማንም በገዛ ስሙ አይጠራም። ጽሕፈት ቤቱ ሃያ ስድስት ዓመት ግብር የከፈልኩበትን ስም ማግኘት ቢያዳግተውም፣ ፖስተኛው ሳይቸገር ስላገኘኝ ምስጋናዬ ለእርሱ ይድረስልኝ።

2. ታላቅ ወንድሜ ኦርቪል ራስኒክ ሠላሳ አንድ ዓመት ከሰል ቆፍሮ ሳንባውን እዚያው ትቶ የወጣ ሰው ነው። ከተራራው ማዶ ብቻውን ይኖራል፤ የሚተነፍሰውም ከኦክስጅን ሲሊንደር በተቀጠለ ቱቦ ነው። የስልክ ምሰሶዎቹን የአፕሪሉ ጎርፍ ከወሰዳቸው ወዲህ «በቅርቡ ይተከላሉ» እየተባልን ሴፕቴምበር ገብቷል። እኔ ዘንድ እንዲኖር ብለምነው፣ «አንተ ቤት ከገባሁማ ስተነፍስም ታርመኛለህ፤ ተወኝ ባክህ» አለኝ።

3. ስለዚህ በጁላይ ሁለት ያገለገሉ ባለ ሃያ ሦስት መስመር የመነጋገሪያ ሬዲዮዎች ገዛሁ። ዘንድሮ ባለ አርባው ስለወጣ ሰው ሁሉ አሮጌውን እየጣለ ነው። አንዱን በወንድሜ ወጥ ቤት፣ ሌላውን በእኔ ጓዳ አስቀመጥኩ፤ አንቴናዬንም በብረት ቧንቧ ጣሪያዬ ላይ ተከልኩ። የፌደራሉ ፈቃድ በእጄ ነው። የሬዲዮው ጉልበት አራት ዋት ሲሆን፣ ይህ ወረዳውን ለማናወጥ የሚበቃ አይመስለኝም።

4. ጥፋቴን አልክድም። ጀማሪ ነበርኩና አንቴናውን በመለኪያ ሳላስተካክል፣ ቧንቧውንም በሽቦ ከመሬት ሳላገናኝ ማውራት ጀመርኩ። ለፊዚክስ መምህር አሳፋሪ ነው። እሑድ ኦገስት 7 በጎረቤት ቤተ ክርስቲያን ቄስ ታኬት «ጌታ ሆይ፣ ጸሎታችን ደርሶሃል?» ብለው ጸጥ ባሉበት ቅጽበት፣ ለወንድሜ የምናገረው ቃል በድምፅ ማጉያቸው ወጣ፦ «እርጥብ ጠመኔ ነኝ፤ ደርሶኛል፣ ግን ይንኮሻኮሻል። ጠጋ ብለህ ተናገር።»

ጎረቤቴ ወይዘሮ ኦፓል ዲሎን የድምፁን ባለቤት ሳያውቁ በዚያው ቀን ለእናንተ ጻፉ። ሲያውቁ ደግሞ ደጄ ድረስ መጥተው፣ «ዴልበርት፣ ሰባ ዓመት ጸልዬ ዛሬ ተመለሰልኝ ብዬ እንባዬን ሳልጠርግ፣ አንተ ሆነህ አረፍከው!» አሉኝ። ቅሬታቸው ተገቢ ነበር። በማግሥቱ ሁሉንም አስተካክያለሁ። ከዚያ ወዲህ ባለፉት ስድስት እሑዶች በቤተ ክርስቲያኑ የተሰማው የቄሱ ድምፅ ብቻ መሆኑን ወይዘሮ ዲሎን ራሳቸው በጽሑፍ መስክረዋል፤ ምስክርነቱ ከዚህ ጋር ተያይዟል።

5. ትእዛዛችሁ ግን ስለ ድምፅ አንድም ቃል አይልም። የሚለው አንቴናው ሃምሳ ጫማ ስለሆነ ከተፈቀደው ሠላሳ አምስት ጫማ ይበልጣል ነው። ተቆጣጣሪያችሁ አቶ ሎኒ ሄገር ሊለካ ሲመጣ ውሻዬን ፈርቶ ከአጥሩ ውጭ ቆሞ፣ «አቶ ጠመኔ፣ ያንን አውሬ ያዙልኝ እንጂ» አለኝ። «ታስሯል እኮ፣ ግባ» አልኩት። «ግዴለም፣ ከዚህም ይታያል» ብሎ መለኪያውን መንገድ ዳር ያለው ቦይ ውስጥ ተከለ። ቤቴ ያለው ዳገት ላይ ነው። ቦዩ ከደጃፌ በአሥራ ዘጠኝ ጫማ ዝቅ ይላል። አንቴናው ከቆመበት መሬት ሲለካ ሠላሳ አንድ ጫማ ነው። በአቶ ሄገር አለካክ ከሄድን የዶሮ ቤቴ ባለ ሁለት ፎቅ ስለሆነ፣ ደረጃ እንድሠራለት ትእዛዝ እጠብቃለሁ።

6. ከወንድሜ ጋር በቀን ሦስት ጊዜ፣ ጠዋት አንድ ሰዓት፣ ቀትር ላይ እና ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት እንነጋገራለን። ሴፕቴምበር 2 ቀትር ላይ አልመለሰልኝም። አራት ጊዜ ጠራሁት። በተራራው መንገድ አርባ ደቂቃ ነድቼ ስደርስ ወጥ ቤቱ ወለል ላይ ወድቆ፣ ቱቦው ከአፍንጫው ወልቆ አገኘሁት። ትንፋሹ ሲመለስ «ምነው ቆየህ?» አለኝ። ሐኪሙ «ሌላ ግማሽ ሰዓት ቢቆዩ ኖሮ» ብለው ዓረፍተ ነገሩን ሳይጨርሱ ተዉት። እኔም እንዲጨርሱልኝ አልጠየቅሁም።

7. ስለዚህ አንቴናው ከቆመበት መሬት ዳግም እንዲለካልኝ፣ ትእዛዙም እንዲሻርልኝ በአክብሮት አመለክታለሁ።

ይህ የማይቻል ከሆነ የአሥሩ ቀን ገደብ ሐሙስ ያበቃል። ከሐሙስ ጀምሮ በቀን ሦስት ጊዜ የወንድሜን በር የሚያንኳኳው የጽሕፈት ቤቱ ሠራተኛ ማን እንደሆነ በጽሑፍ ይገለጽልኝ። የመጀመሪያው ሰዓት ጠዋት አንድ ነው። አንኳኩቶ መልስ ካጣ ቆሞ አይጠብቅ፤ በሩን ሰብሮ ይግባ። መጥረቢያው ከማገዶው ክምር ጎን ነው።

ለጽሕፈት ቤቱ ከሚገባው ሰላምታ ጋር፣

ዴልበርት ራስኒክ
(ፊርማ)