የሃይከ ጉልበት

ሰኞ፣ ግንቦት 2006 ዓ.ም.

ጥፋቱ የአስቴር ነው። ሳትጠይቀኝ «እናቴ ወጌሻ ናት» ብላ ለጀርመኗ ነግራታለች። ፒችትሪ ኮርነርስ ቢሮ ሳጸዳ ውዬ ስገባ ጀርመኗ ሶፋችን ላይ እግሯን ዘርግታ ጠበቀችኝ።

ስሟ ሃይከ ነው። ቤዝመንታችንን ተከራይታ ከገባች ወራት ሆኗታል። እዚህ ለሴቶች ቡድን ኳስ ትጫወታለች። አገሯ እያለች ለብሔራዊ ቡድን ተሰልፋ ነበር። ከዚያ ቀኝ ጉልበቷን ኦፕራሲዮን ሆነች፣ ክለቧም አሰናበታት። ቅዳሜ አንድ አሰልጣኝ ከጀርመን ሊያያት ይመጣል። ከወደዳት አገሯ ገብታ ትጫወታለች። ካልወደዳት በዚህ ዕድሜዋ ሌላ ማን ይፈልጋታል?

አሜሪካ፣ ስቶን ማውንቴን ከመጣሁ ወዲህ የሰው እግር ነክቼ አላውቅም። ቅባት አሙቄ አሸኋት። ጥርሷን ነክሳ ቻለችው። ጠንካራ ናት። በሻሽ ጠፍሬ አሰርኩላትና አስቴርን «ሦስት ቀን እንዳትረግጠው ንገሪያት» አልኳት። የታሸ እግር ካላረፈ ይብስበታል። አስቴር በእንግሊዝኛ ብዙ አወራች። ሃይከ ሳቀች። ምኑ እንዳሳቃት እንጃ።

ማክሰኞ

ሃይከ መደገፊያውን ሳትይዝ ደረጃውን ወጣች! አውራ ጣቷን ቀስራ አሳየችኝ። ደስ አለኝ፣ አልዋሽም።

አስቴር «እማዬ፣ ቡድኑ ይቅጠርሽ!» ብላ ቀለደች።

«ገና በማግስቱ ምን ደረጃ ያስወጣታል?» አልኳት።

«ቀስ ብላ ነው፤ አታካብጂ።»

ረቡዕ

ጠዋት የሃይከ መኪና የለም። የኳስ ጫማዋም ከበሩ ሥር የለም። አስቴር ኢስት ፖይንት ሥራ ላይ ናት፤ ብደውል አታነሳም።

ከሰዓት ሃይከ በአንድ እግሯ እያነከሰች ገባች። ጉልበቷ አብጦ ዳቦ አክሏል።

ሦስት ጣት አሳየኋት። «ስሪ ደይ። ኖ ወክ። አስቴር ኖ ቴል?»

አፍጥጣ አየችኝ። «ኖ። አስቴር ሰይድ ዩ ሰይድ አይም ፋይን።»

እኔ? ፋይን፣ ደህና ናት አልኩ?

ሐሙስ

አስቴርን ያዝኳት። «ምን ብለሽ ነው የነገርሻት?»

«እማዬ ፕሊስ። ቅዳሜ ጌም አላት። ሦስት ቀን ተኚ ብላት ስትሬስ ታደርጋለች። ፕራክቲስ ከቀረች ደግሞ አያሰልፏትም።»

«ስለዚህ በእኔ ስም ዋሸሽ።»

«መዋሸት አይባልም! አሳጠርኩት።»

አሳጠረችው። እራት አልበላሁም።

ዓርብ

ሃይከ የቡድኑ ሐኪም ጋ ሄዳ ተመለሰች። ኤምአርአይ ተነስታለች። አስቴርን ፊት ለፊቴ አስቀምጬ፣ ዓይን ዓይኗን እያየሁ አስተረጎምኳት። በአጥንቶቹ መሃል ያለው ልስልሱ ነገር ድሮውኑ አልቋል አሉ። ቢታሽም ባይታሽም። ነገ አትሰለፍም።

ሦስቱን ቀን ብታርፍ ኖሮ ለቅዳሜ ትደርስ ነበር? አላውቅም። ይህ ነው የሚያንገበግበኝ። ሐኪሙስ እንዲህ ብሎ ይሁን፣ አስቴር አሳጥራው ይሁን፣ በምን አውቃለሁ?

ቅዳሜ

ሜዳ ሄድን። ሃይከ ክራንቿን አጠገቧ አድርጋ ከተጠባባቂዎቹ ጋር ተቀምጣለች። ድምፅዋ እስኪዘጋ ለቡድኗ ጮኸች። ሰውዬው ከጀርመን መጥቶ ነበር። ጨዋታው ሲያልቅ እጇን ጨበጠ፣ ትከሻዋን መታ መታ አደረገ፣ ሄደ። እሷ አላለቀሰችም። ያለቀሰችው አስቴር ናት።

ስንመለስ ሃይከ ከኋላ ወንበር አጠገቤ ሆና፣ እጄን ይዛ ረዘም ያለ ነገር ነገረችኝ። መሃል ላይ ድምፅዋ ተሰበረ። ጨረሰች። ጠበቅኩ።

አስቴር መኪናውን እየነዳች በመስታወቱ አየችኝ። «አመሰግናለሁ ነው የምትልሽ።»

ያ ሁሉ ወሬ?

የአማርኛን ፊደል የቆጠርኩት ካረጀሁ በኋላ ነው፤ እዚሁ አትላንታ፣ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ፣ ከትንንሽ ልጆች ጋር ተቀምጬ። ያኔም ሳቁብኝ፤ አሁንም ይሳቁ። እዚያው የእንግሊዝኛ ክፍል አለ፤ ነገ ከቅዳሴ በኋላ እመዘገባለሁ። ከእንግዲህ በአስቴር አፍ ለማንም አላወራም።